ማማው ላይ ከመውጣትህ በፊት

ሳን ሆዜ፣ ከሚስስ ዶሊንገር ማድ ቤት
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሐምሌ ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሀብተ ጊዮርጊስ፣

እግርህን ከዚያ እንጨት ላይ አውርድ። ሌላው ሁሉ ይቆየን። እንደምን ሰነበትክ፣ ጤናህስ እንዴት ነው የሚለውን በኋላ እጠይቅሃለሁ። ይህን ወረቀት ካየኸው አንድ እግርህ ግንዱ ላይ በተመታው የበሰበሰ እርከን ላይ ነው ማለት ነው። አውርደው። በሞቴ፣ በእናትህ ሞት፣ አፈር ስሆንልህ አውርደውና ሣሩ ላይ ቁጭ ብለህ አንብበኝ። ወረቀቱን ከመጀመሪያው እርከን ጋር በሽቦ ያሰርኩት ሳትነካው እንዳታልፍ ብዬ ነው። የእጅ ጽሑፌን ታውቀዋለህ፤ እንደ ሐኪም ትጽፋለህ እያልክ ታሾፍብኝ የለ? ዛሬ ግን አንድም ቃል እንዳያመልጥህ ብዬ እንደ ቁም ጸሐፊ ፊደሉን እየለቀምኩ ነው የምጽፍልህ።

አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ፍስሐ። አልሞትኩም፣ ሽባም አልሆንኩም። ቅልጥሜ ተሰብሯል፣ የጎን አጥንቴም ተሰነጣጥቋል፤ እግሬን እስከ ጭኔ ድረስ በጀሶ ጠቅልለውት በክራንች እየተንፏቀቅኩ ነው። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ከሆስፒታሉ ስትጠፋ እኔ ገና ዐይኔን አልገለጥኩም ነበርና ምናልባት የባሰ ነገር አስበህ እንደሆነ ብዬ ነው። እግር ነው፤ ይጠገናል። ሐኪሙ ጭራሽ ኳስ ትጫወታለህ ብሎኛል፤ በፊትስ መቼ ተጫውቼ አውቅና!

እዚህ እንደምትመጣ የነገሩኝ ሚስስ ዶሊንገር ናቸው። ኦክላንድ ደውለው «ያ ጓደኛህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዛፌ ላይ ነው» አሉኝ። «ገመድ የለው፣ የሚይዝለት ሰው የለው። ውሻዬን ይዤ እስክወጣ ይጠፋል።» መጀመሪያ አላመንኳቸውም። ቀጥለው ግን ከጅረቱ ዳር የነበረው ትንሹ ማማ ወርዶ፣ ሣንቃው በልክ በልኩ ተደርድሮ፣ ሚስማሩ ተነቅሎ በጣሳ ተጠራቅሞ እንዳገኙት ሲነግሩኝ አንተ መሆንህን አወቅኩ። ከአንተ በቀር የዛገ ሚስማር እያቃና በጣሳ የሚሰበስብ ማን አለ? ደስ አለኝ ሀብቴ፤ በሕይወት አለህና ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፤ ያንን ማማ ብቻህን፣ ያለ ገመድ አወረድከው ማለት ነውና።

እስቲ ሥራውን እንዴት እንደጀመርነው አስታውስ። የሚስስ ዶሊንገር ባለቤት አጋዘን አዳኝ ነበሩ፤ በየዓመቱ የአደኑ ወቅት ሲደርስ ጓደኞቻቸውን ጠርተው እዚህ ኮረብታ ላይ ይከርሙ ነበር። እያንዳንዱ አዳኝ በየራሱ ኦክ ዛፍ ላይ ማማ ሠራ፤ ሌላ ሰው እንዳይወስድበትም በሰንሰለት ጠፍሮ በጓጉንቸር ቆለፈው። ከዚያ ባልየው ሞቱ፣ ጓደኞቻቸውም ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ተበተነ፤ ማማዎቹ እንደተቆለፉ ቀሩ። አሁን ሴትዮዋ መሬቱን ለቤተ ክርስቲያናቸው ሕፃናት ሰመር ካምፕ፣ ለትምህርት ዕረፍት መዋያ፣ ሊሰጡ ፈልገው፣ «ልጅ ማማ አይቶ ሳይወጣ አያድርም፤ የመጨረሻው ሳይወርድ አንድ ሕፃን በግቢዬ በር አይገባም» ብለው እኛን ለዊኬንድ ቀጠሩን። የመጀመሪያ ቀን በብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ቁልፍ ሲሰጡን ትዝ ይልሃል? ስንሞክር ውለን አንዱም አልከፈተም። አንተ ቆርቆሮውን እያንቀጫቀጭክ «ለጸናጽል ይሆናል» አልክና ሴትዮዋ ምንም ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

ሕጉን ያወጣኸው ደግሞ አንተ ነህ፤ እኔማ መቼ ትዕግሥት አለኝ። ማማው ላይ በፍጹም አይቆምም፤ ቢደላደልም፣ ቢጠነክርም አይታመንም። በድሮዎቹ የእንጨት እርከኖች አይወጣም፤ በራሳችን መሰላል ብቻ ነው። የሚወጣው ወገቡን ይታጠቃል፣ ገመዱ ከራሱ በላይ ባለ ቅርንጫፍ ይዞራል፣ ጫፉን ታች ያለው ይይዛል። ማማው ራሱ በሌላ ገመድ ሳይታሰር ሰንሰለቱ አይቆረጥም፤ ከሥሩም ሰው አይቆምም። እኔ ዛፉ የዋጠውን ሰንሰለት ካልመዘዝኩ ብዬ ስታገል «ተው፣ የዋጠውን ይዋጥ፤ እኛ ከውጭ ያለውን ነው የምንቆርጠው» ትለኝ ነበር። አቤት ስታሰለቸኝ! እንደ አሮጊት ትነዘንዛለህ እልህ ነበር። አሁን ያን ሁሉ ነዝንዘህ አንተው ራስህ በእርከኖቹ ትወጣለህ?

ያን ቀን የሆነውን ልንገርህ፤ አንተ ከታች ነበርክ፣ እኔ ግን ከላይ ሆኜ ሁሉንም አይቻለሁ። ስለዚህ ምስክሩ እኔ ነኝ፣ የእኔን ነው የምትሰማው።

አቶ መሸሻ በሣሩ መካከል ሲመጡ መጀመሪያ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ባርኔጣቸው፣ ከረባታቸው፣ በዚያ ሐሩር ሙሉ ልብሳቸው፣ በብብታቸው ደግሞ ሐብሐብ! አገር ቤት የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር የነበሩት እሳቸው በዚህ ዓመት ለትምህርት በርክሌይ ከመጡ ጀምሮ «እናንተ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፉት?» እያሉ ሲጠይቁን ነበር፤ መጥተው ሊያዩን ነው። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ገመዱን ይዘህ ተቀምጠሃል። ኮቴአቸውን ሰማህ፣ ዞርክ፣ አየሃቸው። ያኔ በፊትህ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆንክ።

ያ የስድስተኛ ክፍሉ የቀለም ነገር ትዝ አለኝ። በአንድ እጅህ የቀለም ብልቃጥ ይዘህ ስለነበር በሌላው እጅህ ብቻ ስትጨብጣቸው፣ ሰልፉ ሁሉ ፊት «በአንድ እጅ ነው ታላቅ የሚጨበጠው? በእጅህ ያለውን ጣለውና ሰላም በል!» ብለው አንባረቁብህ። አንተም ቃል በቃል ጣልከው። ቀለሙ ነጭ ጫማቸው ላይ! እኛ ሳቅ ገደለን፣ አንተ ግን በአለንጋ ነው የታረምከው። ከዚያ ወዲህ ታላቅ ሰው ሲመጣ በእጅህ ነገር ይዘህ አይተንህ አናውቅም።

ያን ቀንም ዛፉ ሥር «ኖር!» ብለህ ብድግ አልክ። እሳቸው «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ኧረ አትነሳ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» አሉ። ይህንንም ሰምቻለሁ። ግን እስቲ ንገረኝ፣ ከእኛ ውስጥ አትነሳ ሲሉት ተቀምጦ የቀረ ማን አለ? አትነሳ የሚባለው ለተነሳ ሰው አይደለም እንዴ? ባርኔጣህን አወለቅክ፣ ጎንበስ አልክ፣ ሁለት እጅህን ዘረጋህ። ልክ በዚያች ቅጽበት መጋዜ የላይኛውን ሰንሰለት ጨረሰው፣ ማማው ያሰርንበትን ገመድ በጥሶ ተዘነበለና መሰላሉን መታው፣ ገመዱም በቅርንጫፉ ላይ እየተንሸራተተ አብሮኝ መጣ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ክፋት የለበት፣ ስንፍና የለበት። ጠጥተህ አልነበረም፣ ተኝተህ አልነበረም። ሰው አከበርክ። እኔ ታች ብሆን እነሳ ነበር፤ ከአገር ቤት ልጆች ማንም ቢሆን ይነሳ ነበር። ይህን ሐቅ አልጋዬ ላይ ሆኜ እየደጋገምኩ ስናገር ነበር፤ አንተ ግን ልትሰማኝ እዚያ አልነበርክም።

ምን አድርገህ ሄድክ? የአባትህን ሰዓትና የሥራ ጓንትህን ወንበሩ ላይ አስቀምጠህ! ስነቃ ነርሷ «ወንድምህ ትቶልህ ሄደ» አለችኝ። ጓንቱስ ይሁን። አንተ ያንን ሰዓት ገላህን ስትታጠብ እንኳ ከዐይንህ አታርቀውም፤ አባትህ ናቸው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከእጃቸው ፈትተው ያሰሩልህ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ትቶ የሚሄደው የት ሲሄድ ነው? ለአቶ መሸሻስ ምን አልካቸው? ኮሪደሩ ላይ እጃቸውን ሲዘረጉልህ እጅህን ወደ ኋላህ ደብቀህ «ይህ እጅ ከእንግዲህ ሰው አይነካም» አልካቸው። ሲነግሩኝ ከአልጋው ልወርድ ታገልኩና የእጄን መርፌ ነቀልኩት፤ ደሙ አንሶላውን አበላሸው፣ ነርሷም ተቆጣችኝ።

ከዚያ ፍለጋ ነው። ሪችመንድ፣ ዘይት ማጣሪያው አካባቢ አይተነዋል ሲሉኝ ሰው ላክሁ፤ የለህም። ኒውአርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ጭነት ያወርዳል አሉኝ፤ ኮል አድርጌ ስጠይቅ «እንዲህ የሚባል ሰው ነበር፣ ለቅቋል» አሉኝ። ኤመሪቪል ቀለም ፋብሪካው በር ላይ በክራንቼ ቆሜ ሠራተኛው ሲወጣ ፊት ፊቱን ሳይ ዋልኩ። ጋዜጣም አላየሁ፣ ራዲዮም አልሰማሁ፤ ያልታወቀ ሰው ባሕር ዳር ተገኘ የሚል ወሬ እንዳልሰማ ፈርቼ ነው። ኦክላንድ ያለው ቤታችን ውስጥ አልጋህን ሳላነጥፈው እንደነበረ አለ። ስልክ ባቃጨለ ቁጥር እየዘለልኩ ስንት ጊዜ ወደቅኩ መሰለህ!

አሁን ግልጹን ልንገርህና ብትፈልግ ተቀየመኝ። ገመድ ሳትታጠቅ የምትወጣው ቸኩለህ አይደለም። ብወድቅም ልውደቅ ብለህ ነው። የጎዳሁትን በዚሁ እከፍላለሁ ብለህ ነው። ልብህን አውቀዋለሁ፣ አታታልለኝም። ማን ጠየቀህ? ባለ ዕዳው አንተ፣ ፈራጁ አንተ፣ እኔ የተሰበርኩት ሰውዬ የት ገባሁ? ወድቀህ ብትቀር ሬሳህን የማነሳው እኔ ነኝ፤ በአንድ እግሬ! ለእናትህ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ ልጻፍላቸው? ሀብቴ፣ አንድ እግር ሰብረህብኛል፤ እሺ፣ ይቅር። የማይጠገን ነገር ግን አትስበርብኝ፣ እለምንሃለሁ።

ደግሞ ቀና ብለህ እየው። ያ እኔን የጣለኝ ማማ በአንድ ሰንሰለት ብቻ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። የዚያንም ጓጉንቸር እስከ ግማሹ እንደገዘገዝከው በሚስስ ዶሊንገር የሩቅ ማያ መነጽር አይቼዋለሁ። እርከኖቹ የሚያልፉት ደግሞ ልክ ከሥሩ ነው። አሁን ብትጨርሰው ያ ሁሉ ሣንቃ የሚወርደው በአንተ ላይ ነው። ይህን አንተ አታውቀውም? አንተ ሕጉን ያወጣኸው? ታውቀዋለህ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው፤ እያወቅክ መሆኑ።

አንድ ያላየኸውን ነገር ልንገርህ። አቶ መሸሻ ከወደቅኩ ጀምሮ ከእኔ አልተለዩም። ጦር መስለው የሚሄዱት ሰውዬ ጎብጠዋል። መራመድ ስለማመድ እሳቸው ናቸው ወገቤን የሚይዙኝ። አንድ ቀን በሆስፒታሉ ኮሪደር እየተንገዳገድኩ ስንሄድ አንድ ትልቅ ሰው መጡ፤ የእሳቸው የራሳቸው አስተማሪ የነበሩ፣ ለሕክምና ከአገር ቤት የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ቆሙና «መሸሻ!» አሉ። የአቶ መሸሻ ሰውነት ሲደነግጥ በወገቤ ላይ ተሰማኝ። ሊለቁኝ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። አልለቀቁኝም። ራሳቸውን እንኳ ሳያዞሩ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሰው ይዣለሁ» አሉ።

ሽማግሌው ምን አሉ መሰለህ? «ያዝ፣ ያዝ፣ በደንብ ያዝ» ብለው ግድግዳውን ተጠግተው እኛ እስክናልፍ ጠበቁ። አልጋዬ ጋ ስንደርስ አቶ መሸሻ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። «ይህችን ነበር ለዚያ ልጅ ማስተማር የነበረብኝ፤ የያዝከውን ጣል ብዬ አስተማርኩት» አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። የጎን አጥንቴ እየወጋኝ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም እንዲህ ሲሉ ልትሰማቸው የሚገባህ አንተ ነበርክ።

ዛሬ በመኪናቸው ያመጡኝ እሳቸው ናቸው፤ አነዳዳቸውን አታንሳብኝ፣ እስከ ሳን ሆዜ ድረስ ጸሎት ሳደርግ ነው የመጣሁት። ነገ ግን ወደ ዛፉ አይመጡም። «ማማው መሬት ሳይነካ ሰላም አልላችሁም፣ እናንተም አትሉኝም» ብለው እዚህ ማድ ቤት ከሚስስ ዶሊንገር ጋር ሊጠብቁን ወስነዋል። የእጅ ሰላምታቸውን ግን በቀጠሮ አስይዘውልሃል። በሁለት እጅ ነው፤ እሳቸው ናቸው በሁለት እጅ የሚጨብጡህ።

እንግዲህ ስማኝ። ከዛፉ በስተጀርባ ሣሩ ላይ አዲስ መሰላል ተኝቷል፤ የድሮው ተጣሟል፣ አትንካው። በላይኛው፣ በዳገቱ በኩል አቁመው፣ ከማማው ሥር እንዳትሆን። የወገብ መታጠቂያህ ከጎኑ አለ፤ ስፌቱን በጣቴ አንድ በአንድ ቼክ አድርጌዋለሁ። ገመዱንም ክብደት አስረን በመወርወር በቅርንጫፉ ላይ አሳልፈነዋል፤ ስንት ጊዜ እንደሳትን አትጠይቀኝ። ታጥቀህ ስትወጣ መጀመሪያ ማማውን እሰር፣ ከዚያ ቁረጥ። አሁን ደግሞ የአንተ ሕግ ላይ አንድ ጨምሬበታለሁ፤ የገመዱ ጫፍ በሰው እጅ ብቻ አይያዝም፤ የጎረቤቱን ዛፍ ግንድ ዞሮ ነው የሚያዘው። ያዡ ቢያስነጥሰው፣ ቢደነግጥ፣ ንጉሥ ቢመጣበት ዛፉ አይነሳም።

መውጣት አልችልም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል ካልከኝ ደግሞ ተወው። ማማው ገደል ይግባ! ሴትዮዋ ክሬን ይከራዩ፣ ልጆቹም ሌላ ኮረብታ ይፈልጉ። እኔ የመጣሁት ለማማው አይደለም። ለአንተ ነው የመጣሁት። ቁጭ በልና አብረን ሐብሐብ እንብላ፤ አቶ መሸሻ አሁንም ሐብሐብ ይዘው ነው የመጡት፣ ምን ይደረጋል። ብቻ አትሂድብኝ። ያለ አንተ ያ ቤት አልገፋልኝም፣ በእመቤቴ።

የአባትህን ሰዓት እኔ እጅ ላይ አስሬዋለሁ። ስትወርድ ትረከበኛለህ፤ ሳትወርድ አልሰጥህም።

በል አሁን ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ዞር በል። ከኋላህ ያለው ትልቁ ኦክ ሥር፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ሣጥን ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ስታነብ እኔ ከንጋት በፊት ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ ስትመጣ ልጠራህ ፈልጌ እንዳትሸሽ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። እንደምን አደርክ ሀብቴ? ተቀምጬ ሰላም ስልህ አትቀየመኝ። ልነሳልህ አልችልም፤ ብችልም አልነሳም። ገመዱን ይዣለሁ።

ወንድምህ
ፍስሐ